ፈረስ ያልነበረው ሰው

«ፈረሱ ተገኝቷል» አለ ኤሊያስ፣ ጫማውን በራፉ ላይ አውልቆ ጎንበስ ብሎ እየገባ። «ቦራ ነው፤ ግንባሩ ወተት የመሰለ። የዳምቦያ ሰዎች ያውሱናል። ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ይደርሳል።»

ጣቢታ መሬት በተነጠፈው ፍራሽ ላይ፣ በሴቶቹ መሀል፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ባሏን የቀበረችው ትናንት ነው። ከትናንት ጀምሮ ሰው የሚናገረው ሁሉ ከጎረቤት ቤት እንደሚመጣ ወሬ ነበር የሚሰማት። ይኸኛው ግን ጥርት ብሎ ገባት።

«የምን ፈረስ?»

«የቲቶ ነዋ፣ እትዬ። ሜዳ ላይ የሚዞረው።»

«ቲቶ ፈረስ አልነበረውም።»

ሴቶቹ ንፍሯቸውን ማላመጥ አቆሙ። ኤሊያስ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዱራሜ የሚያስተምር፣ ለቅሶ ቤት ውሎ እንኳ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው። ሴቶቹን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔስ መች አጣሁት? ግን ለሰው ዓይን ነው። ያ ሁሉ ዘመድ ከገጠር መጥቶ ባዶ ሜዳ ሊዞር ነው?»

«ሳይክሉስ?»

ኤሊያስ ያልሰማ መሰለ። «ጌታ ያጽናሽ» አላት፣ እንደ ማንኛውም ለቅሶ ደራሽ፣ ጫማውንም በቅጡ ሳያጠልቅ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነቲቶ ዘመዶች፣ በከምባታዎቹ ዘንድ፣ አንድ ትልቅ ሰው ሲሞት፣ ቀብሩ ካለፈ በኋላ ከሩቅ ያለው ወገን ተሰብስቦ የሚመጣበት ቀን አለ። ያን ቀን ለቅሶው ከዳሱ ይወጣና ሜዳ ላይ ይሆናል። የሟቹ ፈረስ ይጫናል፤ ኮቱ ኮርቻው ላይ ይደረጋል፤ ማንም ሳይቀመጥበት እየተሳበ ይዞራል። ሰውም ከኋላ ከኋላው እየተከተለ የሟቹን ሥራ እያነሣ ያለቅሳል። ልጓሙን የሚይዘው አባት ነው፤ አባት ከሌለ ወንድም። ፈረስ ያልዞረለት ሰው አባት እንደሌለው ይቆጠራል። የቲቶ አባት ደግሞ አሉ። አቶ ጠና ይባላሉ፤ በወጣትነታቸው ከዳምቦያ እስከ አንጋጫ ባለፈረስ ሲቆጠር መጀመሪያ የሚጠራው ስም የእሳቸው ነበር ይባላል። አሁን ዳሱ ውስጥ፣ ዕድሮቹ ባመጡት አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ወደ ልጃቸው ቤት ሲመጡ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው።

ሳይክሉ ከማድቤቱ ጀርባ ነበር። ቀብሩ ዕለት ጠዋት፣ ሬሳው ሳይወጣ፣ ኤሊያስ ራሱ ገፍቶ ወስዶ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኖታል። «ዘመድ ባያየው ይሻላል» ነበር ያለው። ዘመድ ባያየውም ግን ከማንሣት አልቦዘነም።

«ኩላሊቱን የጨረሰው እኮ እሱ ነው» ትላለች አንዷ፣ ጣቢታ የተኛች መስሏት።

«ሐኪም እንዲያ አለ?»

«ሐኪም ምን ያውቃል? ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ፣ ሲመሽ ደግሞ እሾህ በምታህል ኮርቻ ላይ። ሰው ብረት ነው?»

«ለምን ነበር ግን? ባጃጅ ሞልቶ።»

«እኔ እንጃ። የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሚስትና ልጅ ያለው ሰው…»

ጣቢታ ዓይኗን አልገለጠችም። ሐኪሙ ያለውን ታውቃለች፤ በሽታው ድምፁን አጥፍቶ ሲበላው የኖረ ነው፤ ሳይክሉ እንዲያውም አቆይቶት ይሆናል ብሏት ነበር። ግን ለማን ትናገረው? በዚህ አገር ሰው የሚሞተው ሰው ባልለመደው ነገር ነው።

*

ቲቶ መሥሪያ ቤት የገባው በታይፕ ጸሐፊነት ነበር። ኮምፒውተር የሚባለው ሲመጣ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ፣ ለብቻው ክፍል ተሰጥቶት፣ ምንጣፍ ተነጥፎለት ነው። ሰው ጫማውን አውልቆ ነበር የሚገባው። አለቃም ቢሆን። «ጣቢ፣ ዛሬ የኃላፊያችንን የተቀደደ ካልሲ አየሁ፤ ከእንግዲህ አልፈራውም» ብሎ እየሳቀ የገባበትን ቀን ታስታውሳለች። ለሥልጠና አዋሳ ልከውት ሲመለስ በአካባቢው ያን መሣሪያ ከፍቶ መዝጋት ከሚችሉት ጥቂቶች አንዱ ሆነ። ጎረቤት «የኮምፒውተሩ» ይለው ጀመር፤ እሷንም «የኮምፒውተሩ ሚስት»።

ኩራቱ ግን ብዙም አልቆየ። የደመወዝ ሠንጠረዥ፣ የበጀት ሠንጠረዥ፣ የወረዳዎች ሪፖርት፣ ሁሉም እሱ ዘንድ ይመጣል። ቢፒአር የተባለው የአሠራር ለውጥ የመጣ ጊዜማ ባሰ። ጠዋት የጻፈውን ከሰዓት ይለውጡበታል፤ ሌላው ሰው ሲገመገም ቲቶ ግምገማውን ይተይባል፤ ሲጨርስ ደግሞ የራሱን ይተይባል። ማታ ሲገባ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ አንገቱ ደርቆ፣ ሻይ ስትሰጠው ስኒውን በእጁ ፈልጎ ነበር የሚያገኘው።

«ዓይኔን ስጨፍን እንኳ ሠንጠረዡ አይጠፋም» ይላት ነበር። «እንጀራውን ሳየው በመስመር ተከፋፍሎ ይታየኛል።»

«ታዲያ ቁጥር ሳትሞላበት ብላው።»

ያን ጊዜ ነው ፈረሱን የሸጠው። ፈረሱ የሠርጋቸው ስጦታ ነበር፤ አቶ ጠና በገዛ እጃቸው ያሳደጉት። ሠርጉ ቀን አባት ልጓሙን ለልጁ ሲያስረክብ እልል ተብሏል። ቲቶ ወደ ዳምቦያ ገበያ ወስዶ ሸጠውና፣ ከአንድ ነጋዴ ጥቁር ፎኒክስ ሳይክል ገዝቶ ገባ። ወሬው አባቱ ዘንድ የደረሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው።

«ፈረሴን ጎማ አደረገው» አሉ አቶ ጠና። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በበዓል ልጅና ምራት ሲሄዱ ይቀበሏቸዋል፤ እህል ውኃ ይሰጣሉ፤ ይመርቃሉ። ልጃቸው ወደሚኖርበት ወደ ሆሳዕና ከተማ ለመምጣት ግን እግራቸው እንቢ አለ። የልጅ ልጃቸው ማራኪ ተወልዳ ዘጠነኛ ክፍል እስክትደርስ ድረስ እንቢ እንዳለ ቀረ።

ቲቶ ከሥራ ሲወጣ የቀኝ እግር ሱሪውን በላስቲክ ያስራል፤ ጎማውን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ ይሄዳል።

«ወዴት ነህ ቲቶ?»

«የትም።»

የትም የሚባል ሰፈር ሆሳዕና ውስጥ የለም። እዚህ ከተማ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ወይ ለገበያ፣ ወይ ለጸሎት፣ ወይ ለለቅሶ፣ ወይ ለነገር ነው። ስለዚህ ከተማው ለቲቶ ጉዳይ ፈለገለት። መጀመሪያ ሴት አለችው ተባለ። ቀጥሎ የሚገዛ ቦታ እያየ ነው ተባለ። በምርጫው ሰሞን ደግሞ ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞረው ሰው ሊሰልል ነው ተባለና፣ አንዳንዱ ሲያየው ቆሞ ሰላምታ ይሰጠው ጀመር። የደፈሩት ደግሞ «ካለፍክ አይቀር» እያሉ መልእክት ጫኑበት፤ ለእገሌ መድኃኒት፣ ለእገሊት የልጇን ፎቶ። አደረሰ። ሲመለስ ግን ወሬ አያመጣም፤ ፊቱ ብቻ ታጥቦ እንደተሰጣ ልብስ ሆኖ ይመለሳል።

*

ዐርብ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጡ። ፊታቸውን አጨፍግገው ገብተው፣ ቡናው ከፔርሙዙ ሲቀዳ ተፈቱ። አበራሽ፣ ከቲቶ ጋር በአንድ ክፍል የከረመች ጸሐፊ፣ ጣቢታ አጠገብ ተቀምጣ እጇን ያዘቻት።

«መብራት በፈረቃ የነበረ ጊዜ» አለች፣ «መብራቱ ድርግም ሲል እኛ ‘ወይ ሥራዬ!’ ብለን እንጮሃለን። እሱ ሱሪውን ያስራል።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ደንግጦም አፉን ያዘ።

«ሳቅ፣ ምን አለበት» አለች አበራሽ። «‘መብራት ሲጠፋ ቲቶ ይበራል’ እያልን ነበር እኮ የምንቀልድበት። ‘ያላስቀመጥከው ጽሑፍ ጠፋ እኮ’ ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‘አበሩ፣ ነገም ያው ነው የሚጻፈው።’»

ጣቢታ ፈገግ አለች። ዓይኗ ግን በመስኮቱ ዳሱ ውስጥ ነበር። እዚያ ኤሊያስ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ ጋሽ ላምቤቦን ይዞ ያግባባል። ተነሥታ ወጣች። ሐዘንተኛ ከፍራሿ ተነሥታ ወንዶች ወዳሉበት ስትሄድ ደስ የሚለው ሰው የለም፤ ግን መንገድ ለቀቁላት።

«ሙሾ የለም» ይላሉ ጋሽ ላምቤቦ በጣታቸው እየቆጠሩ፣ «ጦር የለም፣ ፊት መቧጨር የለም። ዘማሪዎቻችን እየዘመሩ ከሆነ ግን… ፈረስ ሲሄድ አየን እንጂ ምን አደረግን? ፈረስ ድሮም ይሄዳል።»

«ሳይክልስ፣ ጋሽ ላምቤቦ?» አለች ጣቢታ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ሳይክል ላይማ፣ ልጄ፣ መጽሐፉም ዝም ነው ያለው።»

«እንግዲያው ሳይክሉ ይዙር። የእሱ የነበረው እሱ ነው።»

«እትዬ!» ኤሊያስ ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት።  «እባክሽ። አባቴን አታዋርጅው። የአቶ ጠና ልጅ ሲሞት ብረት ጎተቱለት ተብሎ እስከ ዱራሜ ይወራል። እኔ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ የሳይክል ደወል የሚያሰሙብኝ ይመስልሻል ወይስ አይመስልሽም?»

«የሰው ፈረስ ላይ የባሌን ኮት ስታደርጉ እኔ ማንን ልበል? ማንን ነው የማለቅሰው?»

«አንድ ቀን ነው። አንድ ሰዓት።»

«ያቺው አንድ ሰዓት ናት የቀረችው» አለችው።

ኤሊያስ ወደ አባቱ በዓይኑ ጠቆመ። ሽማግሌው ሳይንቀሳቀሱ፣ ሰምተውም ይሁን ሳይሰሙ፣ መሬት መሬት ያያሉ። «እሱን ጠይቂው እንግዲያ» አላት። እንደማትጠይቅ ያውቃል። በአገራቸው ምራት ያማቷን ስም አታነሣም፤ ፊት ለፊትም ቆማ አትከራከርም። ጣቢታ የሀዲያ ልጅ፣ የከተማ ልጅ ብትሆንም ይህን ሥርዓት አንድ ቀን አልሳተችም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማንም የማያውቀው ሰው መጣ። የቆዳ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ቦቲ ጫማው ጭቃ በጭቃ፣ ዳሱ ደጃፍ ቆመ።

«የባለሳይክሉ ለቅሶ እዚህ ነው?»

ኤሊያስ ፊቱ ጠቆረ። ሌሎቹ አስቀመጡት። ገብረወልድ እባላለሁ አለ፤ ከአንጋጫ በኩል፣ ገበሬ ነኝ። ሟቹን እንዴት ታውቀዋለህ ሲሉት ኮፍያውን አገላበጠ።

«ማወቅስ አላውቀውም። ስሙን እንኳ ገና አሁን ከደጅ ጠይቄ ነው የሰማሁት። በደጄ ያልፍ ነበር፤ ስንት ዓመት! እኔ እንሰት ስቆፍር እሱ ከላይ ይመጣል። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ እጁን ይለቃል።»

«ምን ይለቃል?»

«እጁን። ሁለቱንም።» ገብረወልድ ክንዶቹን ዘረጋ፤ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ቡናውን አሸሸ። «እንዲህ! እንደ ጭልፊት። ቁልቁል እስከ ወንዙ። ልጆቼ ‘መጣ! መጣ!’ እያሉ ይወጣሉ። ሚስቴ በየቀኑ ‘ዛሬ ይሞታል’ ትላለች። ሞተ ሲሏት ‘ወድቆ ነው?’ አለች። ‘ታሞ ነው’ ቢሏት ጊዜ ‘ተመስገን፣ ከዚያስ አልወደቀም’ ብላ አለቀሰች።»

 ከአግዳሚው ጫፍ ጋቢው ተንቀሳቀሰ። አቶ ጠና አማርኛው ብዙም አይሆንላቸውም፤ ኤሊያስን በከምባትኛ አንድ ነገር ጠየቁት። ኤሊያስ ሳይወድ መለሰ። ሽማግሌው ገብረወልድን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ ከዚያ ተነሥተው በዱላቸው እየተመሩ ወደ ማድቤቱ ጀርባ ሄዱ።

*

ያን ቁልቁለት ጣቢታ ታውቀዋለች።

ሴት አለችው የተባለ ሰሞን ነው። ሰባት ዓይነት ምክር ከጎረቤት ሰምታ፣ አንድ ቅዳሜ ሱሪውን ሲያስር ደጁ ላይ ቆማ መንገድ ዘጋችበት። «የትም የምትለውን አገር አሳየኝ» አለችው። ያን ጊዜ ማራኪን አርግዛ አልነበረም፤ ቀጭን ነበረች። የኋላ መጫኛው ላይ ጋቢ አጥፎ አስቀመጣት። ከተማው በሙሉ ወጥቶ አያቸው። እሷ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች፤ እሱ ደወሉን ይመታል፤ «ሙሽሮች!» እያሉ ሕፃናት ይሮጣሉ።

ከተማው ሲያልቅ አቀበቱ መጣ። ወርዳ በእግሯ ሄደች፤ እሱ እየገፋ። አቀበቱ ጫፍ ላይ አምበሪቾ ተራራ ከጉም ወጥቶ ታየ፤ ከታች እንሰቱ፣ ባሕር ዛፉ፣ ቀይ መሬቱ። «ተቀመጪ» አላት። ተቀመጠች። መውረድ ሲጀምሩ መዝሙር ጀመረ፤ ነፋሱ ቃሉን እየቆረጠ ወደ እሷ ይወረውረዋል። ከዚያ እጆቹ ተነሡ። መሪው ባዶውን! ጎኑን ይዛ ጮኸች፣ ቆነጠጠችው፣ የእናቷን ስም ጠራች። እሱ ይስቃል። ከጋብቻቸው በፊትም በኋላም እንደዚያ ሲስቅ አልሰማችም።

ወንዙ ዳር ወርደው ተቀመጡ።

«ይኸው ነው?» አለችው። «ሴትዮዋስ?»

«ይኸው ነው። እዚህ ተቀምጬ ሩቅ አያለሁ። ዓይኔ ቀኑን ሙሉ አንድ ክንድ ላይ እንደ ጥጃ ታስሮ ነው የሚውለው። ሲመሽ ልልቀቀው ብዬ ነው።»

«በፈረሱስ መምጣት አትችልም ነበር? አባትህንም ባላስቀየምክ።»

 ጠጠር አንሥቶ ወደ ውኃው ጣለ፤ ሌላም ጣለ። ከዚያ ለሰው ተናግሮት የማያውቀውን ነገራት። ፈረስ ይፈራ ነበር። ልጅ ሳለ በሜዳ ሙሉ ሰው ፊት ፈረስ ጥሎታል፤ ከዚያ ወዲህ የፈረስ ትንፋሽ አንገቱ ላይ ሲሰማው ይሸሻል። የባለፈረሱ የአቶ ጠና የበኩር ልጅ! «ለማንም እንዳትናገሪ» አላት። «ለአባቴማ፣ እኔ ሞቼም ቢሆን።» ማለች።

ያኔ ገባት። በተከራዩት ግቢ ውስጥ ፈረሱ ታስሮ ሳለ ሣር የምትሰጠው እሷ ነበረች። እሱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «በላ?» ይላት ነበር። ለፈረሱ አዝኖ ይመስላት ነበር።

*

አቶ ጠና ከማድቤቱ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከረጢት የለበሰው ሳይክል ከኋላቸው ነው፤ ዞረው አላዩትም። ጣቢታ የቡና ስኒ ይዛ መጣች። አስቀመጠችላቸው። መሄድ ነበረባት፤ አልሄደችም። ፊቷን ወደ እንሰቱ አዙራ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

«አባ» አለች። «ነገ የሚመጣውን ፈረስ ቲቶ አይወደውም።»

«ሙት መውደድ መጥላት አለው እንዴ?» አሉ በተሰባበረ አማርኛቸው።

 ከተናገረች ባሏን ሞቶም ታዋርደዋለች፤ የማለችለትን ታፈርሳለች። ዝም ካለች ነገ ሰው ሁሉ ሌላ ሰው አልቅሶ ይሄዳል፤ የእሷ ቲቶ በከረጢት እንደተሸፈነ ይቀራል።

«ይፈራል» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ፈረስ ይፈራ ነበር፣ አባ። የእርስዎን ፈረስ ንቆ አይደለም የሸጠው። አንድ ቀን አልተቀመጠበትም። አንድ ቀን! እንዲያው መንገር አፍሮ ነው። ‘አባቴ ከሚያውቅ ናቀኝ ቢል ይሻለኛል’ ነበር የሚለው። አስምሎኛል፤ ይኸው ማሐላዬን በላሁ።»

እንሰቱ ቅጠል ላይ ነፋስ አለፈ። ሽማግሌው ስኒውን አንሥተው ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት።

«የአጎቱ ለቅሶ ነበር» አሉ። አማርኛው ሲያቅታቸው ከምባትኛ ይቀላቅላሉ፤ እሷም የጎደለውን እየሞላች ሰማች። «ሜዳው ሰው ሞልቶት። እኔ ነኝ ያወጣሁት። ጣለው። ሰው ሳቀ። ተነሥ አልኩት፤ ተነሣ። መልሼ አወጣሁት፤ አላለቀሰም።» ዱላቸውን መሬቱ ላይ አሹት። «አላለቀሰም። ስለዚህ አልፈራም ብዬ ነበር። እስከ ዛሬ ለሰው ስናገር፣ ልጄ ወድቆ አላለቀሰም እላለሁ።»

ጣቢታ ስኒውን ወደ እሳቸው ጠጋ አደረገችው።

«ያ የአንጋጫ ሰው» አሉ፣ «ያለው እውነት ነው? እጁን ይለቃል?»

«ሁለቱንም።»

«ቁልቁለቱን?»

«ቁልቁለቱን፣ አባ። እኔን ኋላ ጭኖ።»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው ከረጢቱን አዩት። ደረታቸው ውስጥ ሳልም ሳቅም የሚመስል ነገር ተንቀሳቀሰ።

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ጮህኩ።»

«ኋላዬ ጭኛት ስጋልብ እናቱም ትጮህ ነበር» አሉ።

 እሷም ስለ ነገው ሳትጠይቅ ስኒውን አንሥታ ተመለሰች።

*

ቅዳሜ ጠዋት ዘመድ በሁለት አይሱዙ መጣ። ወንዶቹ በአንድ፣ ሴቶቹ በሌላ፤ ከመንገዱ ጀምሮ እያለቀሱ ወደ ሜዳው ገቡ። ፈረሱም መጣ። በእውነት ያምር ነበር። ልጓሙ ላይ ቀይ ክር፣ ደረቱ ላይ የነሐስ ጌጥ፣ ጆሮው ቀጥ ያለ። ኤሊያስ የወንድሙን የሥራ ኮት፣ ያንን ክርኑ ጠረጴዛ ላይ ሲታሽ የነጣውን ግራጫ ኮት፣ አምጥቶ ኮርቻው ላይ አደረገ። ዘማሪዎቹ ተሰለፉ። ጋሽ ላምቤቦ የሚያዩትን ላለማየት ይመስላል መነጽራቸውን ያብሳሉ።

ጣቢታ የማራኪን ትከሻ አቅፋ በሴቶቹ መሀል ቆማለች። ኮቱን ፈረሱ ላይ አየችው። ኮቱ ራሱ የፈራ መሰላት።

«አባ፣ ይያዙት» አለ ኤሊያስ።

አቶ ጠና ወጡ። ፈረሱ አጠገብ ሲደርሱ ጀርባቸው ቀና አለ። አንገቱን ዳበሱት፤ ጥርሱን አዩ፤ የፊት እግሩን አንሥተው ሰኮናውን ተመለከቱ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል።

«ጥሩ ፈረስ ነው» አሉ በከምባትኛ። «የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ አባቴ» አለ አንድ ጎልማሳ ደስ ብሎት።

«አለህ?»

«ምን አሉ?»

«በሕይወት አለህ ወይ ነው የምልህ።»

«አለሁ… ክብር ለእግዚአብሔር።»

«ታዲያ ባለቤቱ በሕይወት ያለን ፈረስ ምን ብዬ ላልቅስበት?»

ጎልማሳው ፊቱ አመድ ሆነ። የገዛ ፈረሱ ለለቅሶ እየተጫነ እንደሆነ ገና አሁን የታየው ይመስል፣ ፈጥኖ ልጓሙን ያዘና ወደ ኋላ ሳበው። አቶ ጠና ኮቱን ከኮርቻው አንሥተው ክንዳቸው ላይ አደረጉ። ሜዳውን ትተው ወደ ግቢው ሄዱ። ኤሊያስ ሊከተል አንድ እርምጃ ተራምዶ ቆመ።

ሲመለሱ ሳይክሉን እየሳቡ ነው።

መሳብ አያውቁበትም። እንደ ፈረስ በአንድ ጎን መሪውን ይዘው ከፊት ከፊት ሲሄዱ የፊት ጎማው ይታጠፍባቸዋል፤ ፔዳሉ ቅልጥማቸውን ይመታል፤ ቆም ይላሉ፤ ይቀጥላሉ። ኮቱ ኮርቻው ላይ ነው። ከወጣቶቹ መሀል አንዱ ፈነዳ፤ ሌላው በክርኑ ጎሸመው። ከዚያ ያ ሳቅም ጠፋ፤ የጎማው ድምፅ ብቻ ቀረ። ገብረወልድ ኮፍያውን አውልቆ ከኋላቸው ገባ። ቀጥሎ አበራሽ ገባች፣ የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች አስከትላ።

ፔዳሉ ሽማግሌውን እንደገና ሲመታቸው ኤሊያስ አላስቻለውም። ሮጦ ደረሰ። «እንዲያ አይደለም፣ አባ» አለ። «በሁለት እጅ ነው። እኔ በዚህ ልያዘው።» አባት በአንድ ጎን፣ ልጅ በአንድ ጎን ያዙት። ሳይክሉ ቀጥ አለ።

ልጓም የያዘ ሰው ሥራ መጥራት አለበት። አቶ ጠና ሜዳው መሀል ሲደርሱ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ድሮ በፈረስ ላይ ሆነው ይጮሁበት በነበረ ድምፅ ጮኹ፦

«ልጄ ቁልቁለት ላይ እጁን ይለቅ ነበር!»

 ከዚያ የዳምቦያ ሽማግሌዎች፣ እንዲህ ያለ ሙገሳ ሰምተው የማያውቁት፣ ተያዩና ለጀግና እንደሚመለሰው መለሱ። ሴቶቹ ተቀበሉ። ዘማሪዎቹ ምን እንደሚዘምሩ ሲጨነቁ ቆይተው ጀመሩ። ጣቢታ ማራኪን እንዳቀፈች ወደ ዙሩ ገባች፤ እግሯ መሬት የነካ አልመሰላትም።

ሲያልቅ ሰው ወደ ዳሱ ገባ፤ ምግብ ሊቀርብ ነው። ፈረሱ በባለቤቱ እየተሳበ ወደ መንገዱ ሄደ። አቶ ጠና ግን ሳይክሉን ከዛፉ ሥር አስደግፈው አልተለዩትም። ሜዳው ጤዛ ስለነበረው ጎማውም ብረቱም ረጥቧል። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገፈፉና ከመሪው ጀምረው፣ በቀስታ፣ በመዳፋቸው እየተጫኑ ወደ ኋላ መጥረግ ያዙ፤ ከሩጫ የተመለሰ ፈረስ ላቡ እንደሚጠረግለት።

ጣቢታ ደረሰች። «አባ፣ ካቴናው ቅባት አለው። ጋቢዎ ይበላሻል።»

«ሮጧል እኮ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ማዶ ጎን ዞራ፣ ተንበርክካ፣ መሬት የተንጠለጠለውን የጋቢውን ጫፍ አነሣችና በእሷ በኩል ያለውን መጥረግ ጀመረች።